የአበልጅ ጂፕ

የእንጅባራ ሰው ፈረስ ሲገዛ ይሉኝታ አያውቅም። ሻጩ የእናቱ ልጅ ቢሆን እንኳ የፈረሱን አፍ ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፤ ኮቴውን ያነሣል፤ ኮርቻ አስወርዶ ጀርባውን ይዳብሳል፤ ከዚያም ጋልቦ ወንዝ ያሻግረዋል። አበረም እንዲሁ ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሲሰለፍ ከፊት የሚታይ፣ ፈረስ አዋቂ ተብሎ ከዳንግላ ድረስ የሚጠራ ሰው ነበር። ሚስቱ ማናለብሽ በዚህ ትኮራ ነበር። ዛሬ ያን ስታስብ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ያን የመሰለ አዋቂ አንዲት መኪና ጎንበስ ብሎ እንዳያይ የከለከለችው እሷ ናትና።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታቸው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ይሆናል፤ ልጆቹ እንጅባራ ትምህርት ቤት ለመድረስ እስከ ጉልበታቸው ይዘፈቃሉ። አበረ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ መንዳት ተምሮ ስለነበር፣ "በአራቱም ጎማ የምትስብ አሮጌ ጂፕ ብንገዛ ልጆቹ ከጭቃ ይወጣሉ፤ ገብሳችንም ወፍጮ ይደርሳል" አለ። ማናለብሽ በደስታ ተስማማች።

ዳንግላ ላይ ሁለት ጂፕ ተገኘ። አንዱ የነጋዴው የጠሃ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጎኑ የተጨረመተ። ጠሃ ቁልፉን አበረ እጅ ላይ አኖረና፣ "አቶ አበረ፣ መልኩን አይዩ፤ መልኩ እንደኔው ነው! ይንዱት፤ ዳገት ያውጡት፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይርገጡት። ሥሩም ገብተው ይዩ" አለ።

ሁለተኛው የአቶ ደጉ ነው። አቶ ደጉ የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሡላቸው አበልጃቸው ናቸው። የእሳቸው ጂፕ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ በቅሎ ያብረቀርቃል።

"አበልጅ እያለ ከሌላ ይገዛል?" አለች ማናለብሽ። ወደ አቶ ደጉ ግቢ ሄዱ።

አበረ ጋቢውን አውልቆ ጎንበስ ሊል ሲል ክንዱን ያዘችው።

"ምን ልትሆን ነው?"

"ሥሩን ላይ ነዋ።"

"ያበልጅህን መኪና? አታላይ ነው ብለህ ነው? ሰውስ ምን ይላል!"

"ፈረስ ቢሆን አላይም ነበር?"

"ፈረስ ሌላ፣ አበልጅ ሌላ!"

"እንግዲያው ትንሽ ልንዳው።"

"ሰውየው ጠላ አቅርበው ሲጠብቁህ? ተው አታዋርደኝ።"

አበረ ጋቢውን መልሶ ለበሰ። አቶ ደጉ ከደጃፍ ሆነው፣ "አበልጆቼ፣ የምትጠይቁት አለ?" ሲሉ ማናለብሽ ቀደመች።

"ከርስዎ እጅ ወስደን ደግሞ ምን እንጠይቃለን!"

አቶ ደጉ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

እዚያው ዋጋውን ከፈሉ፤ ጂፑን የአቶ ደጉ ሾፌር ቤታቸው ድረስ አመጣላቸው። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አውርደው ገብሱን ይዘው ወደ ወፍጮ ቀጠሉ።

"ፍሬኑ ይለሰልስብኛል" አለ አበረ።

"አዲስ ስለሆንክበት ነው" አለችው።

የወንዙ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ።

"አልያዘም! ጠበቅ አድርገሽ ያዢ!" ብሎ መሪውን ወደ ቀርከሃው አጥር ጠመዘዘ። ጂፑ ተገለበጠ። ማናለብሽ ግንባሯ ተፈንክቶ ወጣች። የአበረ ቀኝ ጭን ግን ከሥር ቀረ። ወጌሻ አሸው፤ ሐኪምም አየው። አጥንቱ ቢገጥምም ጠሞ ነው የገጠመ። አበረ ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ አልወጣም።

አቶ ደጉ ሊጠይቁት መጥተው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። "ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም ነበር፤ ሾፌሬ ለምዶታል። ልነግራችሁ አስቤ ነበር እኮ። 'ምን እንጠይቃለን' ስትሉኝ የራሴን ዕቃ ማማት አፈርኩ" አሉ። ማናለብሽ ቃሉ የማን እንደሆነ ታውቃለችና አንገቷን ደፋች።

ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። አበረ በምርኩዙ ተደግፎ ፈረሰኞቹን ከአጥር ሥር አየ። "ያ ዳማ ፈረስ በግራው ያነክሳል። የገዛው ሰው ኮቴውን አላነሣም" አለ ቀስ ብሎ። ምንም ክፉ ቃል አልጨመረም። ማናለብሽ ቢሰድባት በወደደች ነበር።

ዓመት አልፎ ጂፑ ተጠገነ። የወንድሟ ልጅ ውቤ ለሚስቱና ለልጆቹ ሊገዛው መጣ።

"ንዳው፤ ሥሩንም እይ" አለችው።

"ኧረ አክስቴ! ካንቺማ አላይም፤ ነውር ነው።"

ማናለብሽ የክት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭቃው ላይ ዘረጋች፤ በጀርባዋ ተንጋላም ጂፑ ሥር ገባች።

"ና ግባ!" አለች ከሥር ሆና። "ነውሩን እኔ አይቼዋለሁ፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።"

ውቤ ደጃፍ ላይ የቆመውን አበረን አየና እሱም ከሥር ገብቶ አጠገቧ ተንጋለለ።

ወገኖቼ፣ ዘመድን ማመን ደግ ነው፤ ፍሬን ግን ተረግጦ ነው የሚታመን። የምትገዙ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የምትሸጡም እስክትጠየቁ አትጠብቁ። የአበረ ኮርቻ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማናለብሽ ቆዳው እንዳይደርቅ በየሳምንቱ ቅቤ ትቀባዋለች። የሚቀመጥበት ግን የለም።