አሥራ አራት ቁጥር

በአውሮፕላን መጠለያው የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ መፍቻና ፒንሳ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል፤ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም በየጥላው ላይ ይሰቀላል። ከአሥራ አራት ቁጥር በቀር። አጭሯ ካቻቪቴ ከጠፋች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከባዶው ጥላ ሥር አንድ ሰው በጠመኔ «ብራዮኒ» ብሎ ጽፎበታል፤ ጽሑፉ በደበዘዘ ቁጥር ደግሞ መልሶ የሚያደምቀው አይጠፋም።

ያኔ ብራዮኒ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ስለነበረች፣ ካቻቪቴዋ የጠፋችው በእሷ እጅ ነው ተባለ። አላጠፋሁም ብትል ማን ሰምቷት። አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የተረሳች ካቻቪቴ ሰማይ ላይ የመሪውን ሽቦ ታንቃለች፤ ከዚያ በኋላ አብራሪው የሚያርፈው መቃብሩ ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠግኑትን አሮጌ አውሮፕላን ሞተር አወረዱ፣ ወንበሩን ነቀሉ፣ ክንፉን በባትሪ እያበሩ በረበሩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ፈለጉ፤ አልተገኘችም። ከዚያ ወዲህ የመጠለያው አለቃ የሆኑት አያቷ ዊልፍሬድ ከመጥረጊያ ሌላ አላስያዟትም።

እሷ ግን አልቀረችም። ከቀረሁ ጥፋቱን አምኜ ተቀበልኩ ማለት ነው አለች። በየሳምንቱ እየመጣች፣ ጥርሷን ነክሳ ጠረገች።

ዛሬ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሃሪኬን የተባለው የጦር አውሮፕላን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ከአንድ ገበሬ ማሳ ጭቃ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ጥገና በኋላ ከመቆሚያው ወርዶ በገዛ ጎማው ሊቆም ነው። ቅዳሜ ይበራል። በእንግሊዟ ሊንከንሸር አውራጃ ያልተጠራ ሰው የለም።

«ዞር በይ ከዚያ፣ አሥራ አራት ቁጥር» አላት ክላይቭ። ሞተሩን የሚሠራው ጡረተኛ መካኒክ ነው፤ ቅዳሜ የምታበረው ደግሞ ልጁ ናት። ብራዮኒን በስሟ ከጠራት ሦስት ዓመቱ። «ዛሬ ደግሞ የሚጠፋ ነገር ካለ ኪስሽን መበርበር አንፈልግም።»

«መጀመሪያ የጠፋውን ፀጉርህን ፈልግ።»

መዝገብ ያዧን እትዬ ዶሪንን ሻዩ ትን አላቸው።

ጅራቱ ቀስ እያለ ወረደ። ጎማው መሬት ሲነካ ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከሥሩ ስትጠርግ የነበረችው ብራዮኒ ግን ሌላ ድምፅ ሰማች። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት ብሎ ቋ አለ።

ሰዎቹ ወደ ሻያቸው እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ፣ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ከጅራቱ ሥር ያለችውን የሻይ ሳህን የምታክል ክዳን በአውራ ጣቷ አዙራ ከፈተች። ከአብራሪው ኋላ ያለው የአውሮፕላኑ አካል ብረት ለበስ አይደለም፤ በእንጨት ማገር ላይ ተወጥሮ በሰም ክር የተሰፋ፣ ከላዩ ቀለም የጠጣ ሸራ ነው። የሰፉት አያቷ ናቸው። ብቻቸውን፣ ሁለት ወር ሙሉ።

እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። የያዘችው ቀይ እጀታ ነበር።

ካቻቪቴዋ ስትወጣ በአንገቷ ላይ የሰም ክር ተጠምጥሞባታል። አያቷ ክሩን ሲያጠብቁ ጣታቸውን እንዳይቆርጣቸው በካቻቪቴ ላይ ይጠመጥሙታል። ይህ ልማድ የሌላ የማንም አይደለም። በፍለጋው ጊዜ ያልተከፈተውም ጅራቱ ብቻ ነበር። «እሱን እኔው አይቼዋለሁ» ብለው አያቷ ፈርመውበታል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

አያቷ አጠገቧ ቆመዋል። መጀመሪያ ካቻቪቴዋን አዩ፤ ቀጥሎ ክሩን።

«ስጪኝ።»

«ከስፌቱ ውስጥ ነው ያገኘኋት።»

«ስጪኝ አልኩሽ እኮ።»

«ያውቁ ነበር?»

አያቷ ወደ ሻይ ጠጪዎቹ ዘወር ብለው አዩ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል ብዬ።»

«በየሳምንቱ እኮ በጠመኔ ያድሱልኛል፣ አያቴ። እርስዎም እያዩ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» ጎንበስ አሉ። «ወጥታለች፤ አለቀ። ሂጂና ኩሬው ውስጥ ወርውሪያት። ከሰኞ ጀምሮ መሣሪያ ትይዣለሽ። ቃሌ ነው።»

ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። አሁን ሲመጣላት ግን ጉቦ ጉቦ ሸተታት።

«ሽቦው ሥር ነበር የተወሸቀችው። ሽቦውን ፍቃው ከሆነስ? ሸራው ሳይቀደድ አይታይም።»

«ስፌቴን ልትቀድጂ?» እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል፤ ቁርጥማቱ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጨክኖባቸዋል። ዳግመኛ መርፌ እንደማይጨብጡ ሁለቱም ያውቃሉ። «አንድ ሺህ አራት መቶ ቋጠሮ ነው። ከነካሽው እኔ አያትሽ አይደለሁም።»

ብራዮኒ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ወደ ሰሌዳው ሄዳ አሥራ አራት ቁጥርን ከነክሯ በጥላዋ ላይ ሰቀለቻት። በጠመኔ የተጻፈውን ስሟን አላጠፋችውም። የእትዬ ዶሪንን መዝገብ ከፍታ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተገኘችበትን ቦታ ጻፈችና ፈረመች። የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በመሪው ላይ ቀይ ካርድ ያስራል፤ ካርዱ እስኪፈታ የሚበር የለም። ካርዱን ይዛ፣ ከአያቷ ቅርጫት ክር ቆርጣ፣ በክንፉ ላይ ወጥታ ከመሪው ጋር አሰረችው። ስትወጣበት ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ክላይቭ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ማን ፈቀደልሽ? ቅዳሜ እኮ ሁለት ሺህ ሰው ነው የሚመጣው።» ወደ ላይ ወጥቶ ካርዱን ጎተተው። ቋጠሮው ጠበቀ እንጂ አልላላም።

«አትድከም» አሉ አያቷ ከታች። «የኔ ቋጠሮ ነው። ሲጎትቱት አይፈታም።» ወደ እሷ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ቂም ይዟል። «ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ስጠርግ አይቼ ነው።»

ክላይቭ ዞሮ ሰሌዳውን አየ። ቀይዋን እጀታ፣ የሰሙን ክር፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን። የካርዱን ጫፍ ለቀቀ። «ልጄ ናት እኮ የምታበረው» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አልታወቀም። ለብራዮኒ ይቅርታም ምስጋናም አልወጣውም።

አያቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት መዳፋቸውን በሸራው ስፌት ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቦታ አልተነቃነቁም።

ብራዮኒ ከክንፉ ወርዳ ወደ እትዬ ዶሪን ጠረጴዛ ሄደች።

«ሃያ ሁለት ቁጥር» አለቻቸው። የሸራ መቁረጫው ነው።

እትዬ ዶሪን ወደ ሽማግሌው አዩ፤ ወደ ሰሌዳው አዩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሡ።

«በማን ስም ልያዘው?»

«በስሜ» አለችና እጇን ዘረጋች።