የመምህር አጠይብ ካርዶች

መምህር አጠይብ ራሳቸውን በፌሮ ብረት ሦስት ጊዜ ተመትተው፣ ሃያ ዓመት የደከሙበትን የበርታ ቋንቋ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጁበት ጠረጴዛ ሥር ሞተው ተገኙ። ደሙ እስከ ግድግዳው ተረጭቷል። ፌሮው ከረዳታቸው ከኦብሴ ወንበር ሥር ስለተገኘ፣ የአሶሳ ፖሊሶች ሳያቅማሙ በካቴና አሰሯት።

ኢንስፔክተር ትዕግሥት ግን ያለቀለት ጉዳይ ሲቀርብላት ደስ አይላትም።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለቻት።

«ሥራ ዘገየ ብለው ተቆጡኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወጣሁት ግን የቃላቱን ካርዶች በሙሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደሉ አይቼ ደርድሬ ነው። ልጄ ጡት አልጣለችም፤ እኔ ከታሰርኩ ማን ያጠባታል?»

ሁለተኛው ተጠያቂ፣ የኮምፒውተር ጸሐፊው ገቢሳ፣ ትከሻውን ሰበቀ። «ካርድ ደርድሬ አላውቅም። ለኔ ማሽኑ ይደረድረዋል።»

ሦስተኛው ጋሽ አምባው ናቸው፤ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። ቃላቱን ከሟቹ ጋር በየመንደሩ ዞረው ሰብስበዋል። ሳይጠየቁ ማስተማር ጀመሩ።

«የእንግሊዞቹም መዝገበ ቃላት እንዲህ ነው የተጀመረው፣ ልጄ። መነኮሳት ከከባዱ የላቲን ቃል በላይ ፍቺውን በደቃቁ ይጽፉ ነበር። ኋላ ያን ለቃቅመው፣ በመጀመሪያው ፊደል እየለዩ ደብተር አደረጉት።»

ትዕግሥት በእጃቸው የያዙትን አሮጌ የቃላት ደብተር ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ የካርድ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሳጥኖቹ ከውጭ ንጹሕ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ደም የነካቸው ካርዶች ተበታትነዋል። ስለዚህ ካርዶቹ በግድያው ጊዜ መሬት ፈሰዋል፤ ገዳዩም ለቅሞ መልሷቸዋል። ኦብሴ ብትሆን እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደሉ አይታ ትደረድራቸው ነበር። ገቢሳ ቢሆን እንዳገኘ ያጭቃቸው ነበር። እነዚህ በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ተለይተዋል፤ ለ ከለ፣ መ ከመ፣ ውስጡ ዝብርቅርቅ። የጥንቶቹ እንግሊዞች ደብተር እንዲህ ነበር አይደል፣ ጋሽ አምባው? የእርስዎም እንደዚያው ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ግንባሯ ሰነዘሩ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ጠምዝዞ ከግድግዳው አላተማቸው፤ አፍንጫቸው ደማ። አንቱታውን ከዚህ ወዲያ እኔ ተራኪውም እተዋለሁ።

«የመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ላይ ስሜ የለም» አለ አምባው። «ከኩርሙክ እስከ መንጌ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ የለቀምኩት ቃል ነው። ‹ምስጋናው ላይ አለህ› አለኝ። መታሁት። ሲያቃስት ደጋገምኩት።»

«ፌሮውን ለኦብሴ አሸክመህ መሄድ ስትችል፣ ካርዶቹን ለምን ለቀምክ?»

«የሃያ ዓመት ቃል መሬት ላይ ፈስሶ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ?»

ካቴናው ከኦብሴ እጅ ወደ እሱ ዞረ። እሷ ማንንም ሳትሰናበት በሚዘንበው ዝናብ ውስጥ ወደ ልጇ ሮጠች።

ትዕግሥት ወለሉ ላይ የደረቀውን ደም አየች።

«ሰውየውን ግን ትተኸው ሄድክ» አለችው።