ብረቱን የፈራው ባል

እነዚያን ባልና ሚስት የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሳቃቸውን ነበር። ራት ሰዓት ላይ በደጃቸው ያለፈ ሰው ከሰሃንና ከማንኪያ ድምፅ ይልቅ የሚሰማው ሳቅ ነው። እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከመቀሱ ምላሱ የሚፈጥን፣ ደንበኛው ፀጉሩ ሳያድግ ጨዋታ ናፍቆት የሚመጣለት ሰው። እሷ ሆስፒታል ውስጥ በኦፕራሲዮን ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ባሏም ሲያሾፍባት ጊዜ «ሲስተር» ነው የሚላት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኮሌጅ የምትማር፣ ሳቋን ከአባቷ የወረሰች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መከራ ይገባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን ገባ። የገባውም በዚያው በሳቃቸው በኩል ነው።

የሲስተር ሥራ ኢንዶስኮፕ የሚባሉትን መሣሪያዎች ማጠብ፣ ከጀርም ማጽዳትና ለሐኪሙ አዘጋጅቶ ማቅረብ ነበር። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። የእሷ ግን የማይታጠፈው፣ ቀጥ ያለው ብረት ነው። ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ረጅም ቱቦ ሲሆን ውስጡ ከዳር እስከ ዳር የመስታወት ዘንጎች ተደርድረውበታል። ከአንደኛው ጫፍ ብርሃን ይወጣል፣ በሌላው ጫፍ ካሜራ ይገጠማል፤ ሐኪሙም የሰውየውን ሆድ ሳይቀድ ውስጡን በስክሪን ያያል። የሽንት ፊኛን ለማየት ሲሆን ብረቱ የሚገባው በሽንት መውጫው ነው። ሲያዩት ጠንካራ ይምሰል እንጂ ወገቡን ይዞ ያነሳው ሰው ውስጡን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ሲስተር አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «በራሱ፣ ካሜራው በሚገጠምበት በኩል ያዘው፣ ወገቡን አትንካው» እያለች ነጋ ጠባ ትጨቀጭቃለች። ከእያንዳንዱ ሕክምና በፊትም አንድ ዓይኗን ጨፍና ነጩን ግድግዳ በብረቱ ውስጥ ታያለች። ግድግዳው ጥርት ብሎ ከታየ መስታወቱ ደህና ነው።

ማታ ቤቷ ስትገባ ታዲያ ስለ መስታወቱ አታወራም። ስለ መስታወት ሰምቶ ማን ይስቃል? የምታወራው ብረቱን አይተው ስለሚደነግጡት ወንዶች ነው። አንዱ ብረት የሚያነሳ ጡንቸኛ ነበር አሉ። «ይሄ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው ከአልጋው ዘሎ ወረደና ከኋላው ክፍት በሆነው የሆስፒታል ጋውን ኮሪደሩን እየሰነጠቀ ሮጠ፤ የጥበቃ ሠራተኛው ነው በር ላይ የያዘው። ሌላው ደግሞ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚፈራው ኮስታራ ሰውዬ ነው፤ ብረቱን ሲያይ «እናቴን ጥሩልኝ» አለ። ሲስተር እየተነሳች፣ እየተቀመጠች፣ ብረቱን በሹካ እያሳየች ታስመስለዋለች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ትንከባለላለች። አባትየው ጉልበቱን ገጥሞ፣ በሁለት እጁ ከፊት ለፊት ሸፍኖ «በቃሽ አንቺ ሴት፣ ራቴን ልብላበት!» ይላል፤ ከዚያ እሱም ይስቃል።

በማግስቱ ወሬው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በመቀሱ ርዝመቱን እያሳየ፣ ከእውነቱ እጥፍ እያደረገ ይተርከዋል። ፎጣ የለበሰው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ሲጨማደድ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። «እኔን እዚያ አልጋ ላይ የሚያስተኛኝ ገና አልተወለደም» ይል ነበር መጨረሻ ላይ። ይህችን ሲላት ያልሳቀ የለም።

አንድ ጠዋት ሽንቱ ቀይ ሆኖ ወጣ። ቀይ ሥር በልቼ ነው አለ ለራሱ። ቀይ ሥር ግን አልበላም። በማግስቱ ጠራ፣ ደስ አለው፣ ረሳው። ከጊዜ በኋላ ተመለሰ፤ አሁንም ጠራ፣ አሁንም ተመለሰ። አያመውም፣ አያቃጥለውም፤ ደም ብቻ። ቤቱ ውስጥ ነርስ ተቀምጣለች፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ በነገታው ሐኪም ፊት ታቀርበዋለች። ችግሩም ይኸው ነበር። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚደረግ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በየራቱ ተነግሮታል። ሌላ ሰው ቢሆን ባለማወቁ ሄዶ ይታይ ነበር። እሱ ግን ብረቱን ሳያየው አወቀው፣ ሳይነካው ፈራው፣ ነገሩንም ሆዱ ውስጥ ቀበረው።

ልብሱ ላይ ጠብ የሚለውን ለመደበቅ የውስጥ ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀመረ። ሲስተር አንድ ቀን ጓሮ ስትወጣ ባሏ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያሽ አገኘችው።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ቀኑን ሙሉ ስታጥቢ ትውያለሽ። እዚህ ደግሞ የእኔን ልታጥቢ ነው? ተይው፣ ደክሞሻል።»

አንጀቷን በላት። ስንት ዘመን አብረው ኖረው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅማ! ሥራ ቦታ ሄዳ ለጓደኞቿ አወራች፤ ጓደኞቿም ቀኑባት። «የእኔ ሰውዬ ካልሲውን እንኳ ከወለል አያነሳም፤ አንቺ ታድለሽ» አሏት። እሷም ተኩራራች። ምስኪን... ያ ሁሉ ኩራት ምን ላይ እንደቆመ በምን ታውቃለች? በዚያው ሰሞን ሱሪው እየሰፋው መጣ፤ ወጣትነቴ እየተመለሰ ነው እያለ ቀለደበት። እሷም ሳቀች፣ ልጅቷም ሳቀች።

በመጨረሻ ገላው ራሱ ከዳው። ጠዋት የጀመረው ሽንት የመከልከል ነገር እኩለ ቀን ላይ ጠናበት። የአንድ ደንበኛ ፀጉር ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ መቀሱን ጣለና ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ሰዎቹ መጀመሪያ እየቀለደ መስሏቸው ነበር። ላብ እንዳጠመቀው ሲያዩ ግን አፋፍሰው ሆስፒታል አደረሱት። ባለ ግማሽ ፀጉሩ ደንበኛም አብሮ መጣ።

ሲስተር ተጠርታ ስትደርስ ወጣቱ ሐኪም በቀጭን ጎማ ሽንቱን እያስወጣለት ነበር። በሽንት ፋንታ የረጋ ደም ነው የሚወጣው። ሐኪሙ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ ይሄ ዛሬ የጀመረ ደም አይደለም።»

ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ልብሴን ማጠብ ከጀመርኩ ጀምሮ» አላት።

ክው አለች። የአልጋውን ብረት ያዘች። ያ ሳፋ፣ ያ «ደክሞሻል»፣ ጓደኞቿ ፊት የተኩራራችበት ያ ሁሉ ነገር... አንድ ዓመት ሊሞላው ነው! ሐኪሙ ፊኛውን በብረቱ ማየት እንዳለበት ሲናገር ባሏ እጇን ጨብጦ ያዛት።

«ያንን አይደለም አይደል? ያንን አልችልም። እንደዚያ እየጮህኩ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።»

«ምን ያስጮህሃል? ከወገብህ በታች እኮ ትደነዝዛለህ። መርፌዋን ጀርባህ ላይ ይወጉሃል፣ ከዚያ ብረቱ መግባቱንም አታውቀው።»

አተኩሮ አያት። «ታደነዝዛላችሁ እንዴ?»

«ታዲያስ! ሁሌም።»

«ሁሉንም ሰው?»

«ሁሉንም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም» አላት። በቁጣ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ነው ያላት። እውነቱን ነበር። ጡንቸኛው ሲሮጥ ነግራዋለች፤ ተይዞ ተመልሶ፣ ደንዝዞ፣ ምንም ሳይሰማው ታክሞ፣ አመስግኖ መሄዱን ግን አልነገረችውም። ማደንዘዣው ለእሷ እንደ በር መክፈት ያለ ነገር ነው። በር ከፈትኩ ብሎ የሚያወራ ማን አለ? ደግሞስ እሱ ምኑ ያስቃል?

የክፍሉ ደንብ ዘመዱ የሚታከምበት ሠራተኛ ሥራውን ለሌላ ይስጥ ይላል። እሷ ግን ዕቃውን እኔ ላዘጋጅለት ብላ ለመነች፤ እምቢ የሚላት አልተገኘም። ብረቱን ከመያዣው ልታነሳ እጇን ዘረጋችና ወገቡን ይዛ አነሳችው። ሰውን ሁሉ ስትጨቀጭቅ የኖረች ሴት! አንዷ ነርስ ከእጇ ወሰደችላትና ትከሻዋን ይዛ ወደ ባሏ ራስጌ መራቻት።

ብረቱ ሲገባ ባሏ አልተሰማውም። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ «ጀመሩ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ። ስክሪኑ መጀመሪያ ቀይ ብቻ ነበር። ሐኪሙ በውሃ አጠበ፣ አጠበ፤ እየጠራ ሄደ። ከዚያ ከፊኛው ግድግዳ ላይ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ፣ ግማሹ የጠቆረ ሥጋ ታየ። ሐኪሙ ዝም አለ። ሲስተር የሐኪሞችን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ስንት ሰው ላይ ሰምታዋለች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ ባሏ።

«አዎ።»

«ስንት ዓመት አብረሽኝ ስትኖሪ እንዲህ ውስጤን አይተሽው አታውቂም» አለና ሊስቅ ሞከረ። እንባዋ ግንባሩ ላይ ሲንጠባጠብ ግን ተወው።

ዕጢው ካንሰር ነበር። መጀመሪያ ደም ባየ ሰሞን ቢመጣ ኖሮ በዚያው ብረት፣ በገባበት መንገድ ተጠርጎ ይወጣ ነበር፤ በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይቀልድበት ነበር። አሁን ግን ግድግዳውን በስቶ አልፎ፣ ጉበቱ ላይ ደርሷል። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል የኖረው ሰው የራሱ ፀጉር ትራሱ ላይ ቀረ። ፀጉር ቤቱ ተዘጋ። ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ ሆነች። በዚያ ቤት ራት ሰዓት ላይ የማንኪያ ድምፅ መሰማት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የገደልኩህ» አለችው።

«ተይ እንጂ። የፈራሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አደረግሽ? ደግሞ ስታወሪው እንዴት ያምርብሽ ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለልጅቷ አትንገሪያት። አባቴ ከፍርሃት የተነሳ ሞተ እንድትል አልፈልግም።»

ቃል ገባችለት። ፀሐይ ሞቅ ባለችበት አንድ ረፋድ ላይ፣ እጁ በእጇ እንዳለ አረፈ።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ዓይኗ ቀልቶ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። «ስንት ሰው ታክሚያለሽ» አለቻት እናቷን። «አንድ አልጋ ላይ ከጎንሽ የሚተኛው ሰው ዓመት ሙሉ ሲደማ እንዴት አላየሽም? ነርስ አይደለሽም እንዴ?» ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሲስተር አፏን ከፈተች፤ ቃሏን አስታውሳ መልሳ ዘጋችው። ብትናገር የሟቹን ቃል ታፈርሳለች፤ ዝም ብትል ልጇን ታጣለች። ዝም አለች።

ልጅቷም እናቷን ማናገር ተወች። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባዕድ ሆነው ከረሙ። አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች፤ እናት ያቀረበችው ምግብ እንደቀረበ ይነሳል። በመጨረሻ ልጅቷ አክስቷ ቤት ልትኖር ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ሲስተር የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሟቹን በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው።

«አባትሽ ያልነገረኝ ብረቱን ፈርቶ ነው» አለች። «ያስፈራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ራት ላይ የማወራውን ሁሉ አምኖ ነበር። ሰው እንደሚደነዝዝ አልነገርኩትም። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩሽ። አሁን ከፈለግሽ ሂጂ፤ ግን አውቀሽ ሂጂ።»

ልጅቷ እጇ ላይ ያለውን ሹራብ እንደያዘች ቀረች። እናቷ ስድብ ጠበቀች፤ እርግማንም ጠበቀች። ልጅቷ ግን ቀስ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ» አለች፣ ስንት ጊዜ ያልጠራችውን ስም። «ያንን ጡንቸኛ ሰውዬ ድገሚልን እያልኩ የምለምንሽ እኮ እኔ ነበርኩ። እሱ በቃሽ ሲልሽ፣ አይበቃም የምልሽ እኔ ነበርኩ።»

ሲስተር ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ሁለቱም እስኪወጣላቸው አለቀሱ፤ አባትየው ከሞተ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

እንግዲህ በማን ይፈረዳል? እዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጣላ፣ የከዳ፣ የበደለ አልነበረም። ከድካም የመጣች ሴት ቤተሰቧን አሳቀች፣ ቤተሰቧም ሳቀላት። ዕጣ ፈንታ ግን አንዳንድ ጊዜ የሰው ጥፋት እንኳ አይፈልግም፤ የሰው ደስታ ይበቃዋል። ክፍሉ እየጨለመ ሲመጣ ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች፣ መብራቱን አበራች፣ ልብሷንም አንድ በአንድ ከሻንጣው እያወጣች ወደ ቦታው መለሰች።