ዘጠኝ ጊዜ የዱባ ሾርባ

ሴትዮዋ የተገኘችው ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። አጠገቧ ግማሹ የተበላ የዱባ ሾርባ ነበር። ያገኛት ባሏ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነውና ሁለት ቀን መንገድ ከርሞ ዓርብ ረፋድ ላይ መመለሱ ነበር። ሐኪሙ ሾርባው ውስጥ በሬ የሚጥል የልብ መድኃኒት አገኘ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ በምግብ ብሎጓ የስንብት ጽሑፍ ወጥቷል፤ ደክሞኛል፣ ደህና ሁኑ የሚል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ ነፍታ እብቁን ስለምታስቀር ነው። ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችና ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፈረች። ልትሞት የቆረጠች ሴት «ቀላል የዱባ ሾርባ አሰራር» የሚለውን ዘጠኝ ጊዜ ደጋግማዋለች። ምን ነካት፣ ነፍሷን ልታጠፋ ነው ወይስ ዱባ ልትሸጥ? ኧረ ይሄስ የሟች እጅ አይደለም።

ባልየውም እንደዚያው አሰበ፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነም ወስኖ ነው የጠበቃት። ሰው ኢንተርኔት ላይ ምግብ ሲፈልግ የሚስቱ ገጽ ቀድሞ እንዲመጣ የሚሠራላት የፍለጋ ባለሙያ ነበር። ሾርባው በተሠራበት ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ሲመጡ ጎረቤት ያያቸው እሱና የሟቿ ታላቅ እህት ብቻ ናቸው። ቃል መደጋገም ደግሞ የሱ ሙያ ነው አለ ባልየው።

«ደሟ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም። እስከ ነገ ካልያዛችሁት እኔው እይዘዋለሁ» አላት። ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ወንፊት የምሩን እንደሆነ ስለገባት ሁለተኛ ሬሳ ሳይመጣባት ልትጨርስ ተጣደፈች።

ታላቅ እህትየው እንባ አልነበራትም። ከየምግቡ በላይ ይወጣ የነበረውን ወግ፣ ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ካፍቴሪያ ስላበሰለችው እናታቸው የሚያወራውን፣ በወረቀት የምትጽፈው እሷ፣ በራሷ ስም የምታወጣው ሟቿ ነበሩ። ባለፈው ወር ወጉ ሁሉ ከገጹ ጠፋ። ሰው አሰራሩን እንጂ ወሬ አይፈልግም ብሎ ያስጠፋው ባለሙያው ነው አለች። ኮምፒውተር ግን እጄም ነክቶት አያውቅ ብላ ማለች።

«እናቴን ሁለቴ ቀበርኳት» አለች። «ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው።»

ባለሙያው ጽሑፉ ሲታየው በነፍስ ከመጠርጠሩ ይልቅ በሙያው መታማቱ አንገበገበው።

«ይህን እኔ ብጽፈው ማን ይቀጥረኛል? ቃል መደጋገም የድሮ ዘዴ ነው፤ ዛሬ ገጹን ከፍለጋው ውጤት ታች ነው የሚቀብረው። ለሷም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ወንፊት ቢሮዋ ገብታ የብሎጉን ጽሑፍ ሁሉ፣ የወጣውንም ያልወጣውንም፣ አስቀዳች። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ገጾች ከፍታ መቁጠር ያዘች። የምግቡ ስም የድንች ጥብሱ ላይ ዘጠኝ ጊዜ፣ የሩዙም ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተደጋግሟል። ለባልየው ደውላ ያኔ ጽሑፍ ይጭን የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እህትየው የብሎግ ኮርስ ተምራ እሷ ትጭን ነበር፣ ሚስቴ ማብሰል ብቻ ነበር ሥራዋ አላት።

ቅዳሜ ሦስቱንም እዚያው ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ስንብቱን የጻፈው ሰው ውሸትነቱ እንዲነቃበትና እሱ እንዲያዝ ፈልጓል» አለች ባለሙያውን እያየች። «የሱን ሙያ ግን የሚያውቀው ከስምንት ዓመት በፊት በነበረው ነው። ያን ጊዜ ኮርሱ ላይ ቃሉን ዘጠኝ ጊዜ አስገቡ ይባል ነበር። ሟቿ ዘዴው መቅረቱን ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። የማያውቀው ያኔ ተምሮ የተወው ነው።» ወደ እህትየው ዞረች፤ አንቱታውንም እዚያው ተወችው። «ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም አልሽኝ። የይለፍ ቃሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እስከ ዛሬም አልተቀየረም። አመል ያወጣል ከመሃል። የእናትሽ የልብ መድኃኒት ጠርሙስም ዛሬ ጠዋት ቤትሽ ባዶውን ተገኝቷል።»

እህትየው አልካደችም። «እናቴን አጠፋቻት፣ አጠፋኋት» አለች። «የመከራት ደግሞ እስር ቤት ይበስብስ ብዬ ነው።»

ባለሙያው ፊቱ አመድ መስሎ ቀና አለ። ሟቿን አጥፊው ብሎ እንዳልመከራት በቀስታ ነገራቸው። ፈላጊው እንዲያገኘው አሰራሩ ከላይ ይሁን፣ አንባቢ የሚቆየው ግን ለወጉ ነውና ከሥር ይግባ፣ በጻፈችው ሰው ስም ይሁን ነበር ያላት። ሟቿ ወጉን ከገጹ ያነሳችው ልታስተካክለው ነው። የያዘውን ላፕቶፕ ከፍቶ ብሎጉን አሳያቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ረቂቅ፣ በእያንዳንዱ ላይ የታላቅ እህቷ ስም።

እህትየው የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ተደፋች። መቼ ሊወጣ እንደነበር ጠየቀች።

«ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ» አላት ባለሙያው።

«እባካችሁ ይውጣ። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ የእናቴ ወግ ብቻ ይውጣ።»

ባልየው ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። «እሷ ልታወጣልሽ ነበር። እኔ ግን እቀብረዋለሁ» አለና ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም መርጦ አጠፋቸው። እህትየው ያኔ ገና ጮኸች፤ ለታናሿ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ወንፊት የባልየውን እጅ መያዝ ትችል ነበር፤ አልያዘችውም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም የያዘው፣ ያስቀዳችው ቅጂ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እህትየውን በካቴና አስራ እስከ መኪናው ስትወስዳት፣ ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ ስታለቅስ፣ ይህን አልነገረቻትም።