ከዳቦው የወጣው ሕፃን

አያቷ እማማ ኩካ ትሪውን ሲያዞሩት ዴልፊና ትንፋሿን ዋጠች።

ዳቦው ውስጥ የተደበቀው የፕላስቲክ ሕፃን የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ሰዉ ሳሎን ውስጥ ኮቱን ሲያወላልቅ እሷ ወጥ ቤት ገብታ ነበር። ክቡን የሰብአ ሰገል ዳቦ ከሥሩ ቀስ አድርጋ አንስታ አየችው። ከቀዩ የፍራፍሬ ቁራጭ ሥር ጥፍር የምታህል ነጭ የፕላስቲክ ጭንቅላት ብቅ ብላለች። ስለዚህ ከቀዩ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ቀድማ ያዘች። አያቷ ግን «እንግዳ ይቀድማል» ብለው ትሪውን አዞሩት፤ ቀዩም ከላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ፣ የአየርላንድ ዘር ከሆነችው ከኡና ጌራቲ፣ ፊት ቆመ።

ኡና ቢላዋውን አነሳች። ስትቆርጥ ቢላዋው አንድ ነገር ነካ።

«ወይኔ!» አለች በስፓኒሽ፣ ጠቃጠቆ የሞላው ፊቷ ቲማቲም መስሎ። «እማማ፣ አገኘሁት መሰለኝ።»

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። በዚህ ቤት ትልልቆቹ ሕፃኑ እንዳይደርሳቸው ነው የሚጸልዩት። አሻንጉሊቷ የደረሰችው ሰው በቤቱ መሠዊያ ላይ ለተኛው ለሕፃኑ ኢየሱስ የሸክላ ምስል የክርስትና እናት ወይም አባት ይሆናል። አዲስ ልብስ ያለብሰዋል፤ ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን ታቅፎት ቤተክርስቲያን ሄዶ ያስባርከዋል። ከዚያ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ታማሌ፣ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ፣ ማብላት አለበት። አጎት ቻኖ አንድ ዓመት ታማሌውን ፈርቶ አሻንጉሊቷን ዋጣት፤ እስከ ዛሬ መሳቂያ ነው።

ዴልፊና ግን የምትፈልገው ታማሌውን አልነበረም። እማማ ኩካ በየዓመቱ ከክርስትና እናቲቱ ጋር አራት ሳምንት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ልብስ ይሰፋሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው በልጅነታቸው ስላደጉባት የሜክሲኮ ሃሊስኮ፣ ስለ ሞተችው እህታቸው፣ ምስሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ድንበር ስለተሻገሩበት ቀን የሚያወሩት። ዴልፊና አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ወሬ ከበር ወዲህ ነው የሰማችው።

እማማ ኩካ ኡናን ግራና ቀኝ ሳሟት። «እንግዲህ አበልጅ ሆንን» አሏት። «ከዛሬ ጀምሮ አበልጄ ነሽ።»

አበልጅ! ዴልፊናን በሕይወቷ ሙሉ «ልጄ» እንጂ ሌላ ብለዋት አያውቁም። የደረሳትን ቁራሽ ሳትቀምሰው ሳህኑ ላይ ፈረፈረችው።

ቅናት መጥፎ ነገር መሆኑን አታውቅም ማለት አይደለም። ታውቃለች፤ ለቄሱም ሁለት ጊዜ ተናዝዛበታለች። ግን ማወቅ ሌላ፣ ከወጥ ቤት ሳቅ ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ ሌላ። ኡና በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ እየወረደች ከእማማ ኩካ ጋር ትሰፋለች። ስፓኒሽ ክፍል ውስጥ አንደኛ ስለሆነች አሮጊቷን እየቀለደች ታስቃቸዋለች። ዴልፊና ደግሞ «ስፓኒሽማ የቤቴ ነው፤ ምን ያስተምሩኛል?» ብላ ፈረንሳይኛ መርጣ ነበር። ቤት ውስጥ ግን የአየርላንድ ዘር ያለው አባቷ ቲርኒ አንድ ቃል አይችልም፤ እናቷም ሥራ ደክሟት ስትገባ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። ስለዚህ ዴልፊና አያቷን «ራበኝ»፣ «መጣሁ»፣ «እወድዎታለሁ» ማለት ትችላለች፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምላሷ ይተሳሰራል።

«ነይ እንጂ፣ መርፌ ያዢልን» አለቻት ኡና አንድ ቀን።

«የቤት ሥራ አለብኝ።»

«አቦ አትፎግሪ። ዛሬ እኮ አርብ ነው።»

«አለብኝ አልኩሽ አይደል?»

እማማ ኩካ ቀና ብለው አዩአትና ለኡና ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር አሏት። ኡና ሳቀች። ዴልፊና ከተባለው ግማሹን እንኳ አልያዘችም። ስለ እሷ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበረች።

ሰኞ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ኡና ጉልበቷ ላይ የጨርቅ ናሙና ዘርግታ ሰማያዊውን ከነጩ ታስተያያለች።

«የቱ ይሻላል? አያቴ ታማሌው ውስጥ ድንች እንጨምር እያለች ነው፤ እማማ ከሰሙ ያባርሩናል።»

«ኡና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቀየሚኝ ግን።» ዴልፊና ድምፅዋ ረጋ ብሎ ሲወጣ ራሷን ገረማት። «እማማ ተጨንቀዋል። ሕፃኑ የቤተሰብ ነው። ከቤተሰብ ውጭ ሰው ይዞት አያውቅም። ሊነግሩሽ አፍረው ነው።»

ኡና ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ደራረበች። «እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«እኔ እዋሽሻለሁ እንዴ?»

«አይ... አንቺማ አትዋሺኝም።» ኡና ተነሳች። «ሼም ነው በጣም። አልገባኝም ነበር። እንዳያፍሩ እኔው ምክንያት እፈልጋለሁ።»

ማታውን ኡና ወርዳ የትምህርት ቤት ፈተና እንደደረሰ፣ መስፋት እንደማትችል፣ በጣም እንዳዘነች ተናገረች። እማማ ኩካ ልብሱን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ቤተሰቧ ንቆን ይሆናል» አሉ ልጅቷ ከወጣች በኋላ፣ ዴልፊና እንዲገባት ቃሉን ቀስ እያደረጉ። «ድሮም ያው ነው። ይህ የሰፈራችን ቤተክርስቲያን የአየርላንዶቹ ብቻ በነበረ ጊዜ እኛን ምድር ቤት ነበር የሚያስቀድሱን። አሁን ያለፈ መስሎኝ ነበር።» ከዚያም መርፌውን ዘረጉላት። «ነይ ልጄ። የክርስትና እናቱ አንቺ ሁኚ።»

የፈለገችውን አገኘች። መስኮቱ ሥር፣ ከአያቷ አጠገብ፣ የምስሉ ትንሽ የሸክላ እግር በእጇ። ሃሊስኮ ግን አልተነሳም፤ ስለ እህታቸውም ምንም አልተባለም። እማማ ኩካ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ ከላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ ብቻ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የዴልፊና ግን በየቀኑ ይከብዳት ጀመር። ያም ሆኖ ቅናቷ አልለቀቃትም። አያቷ የኡናን ኮቴ መጠበቃቸው ራሱ ያናድዳት ነበር።

ጃንዋሪ ሲያልቅ ቅዝቃዜው የቺካጎን መስኮት ሁሉ አነጣው። በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዴልፊና ኡናን በኋላው በረንዳ አየቻት። ነጭ የሱፍ ጨርቅ አጥሩ ላይ ዘርግታ በልብስ መቆንጠጫ ያዘችው። ዴልፊና ነገሩን ታውቀዋለች፤ የአባቷም እናት በሕይወት ሳሉ ያደርጉት ነበር። በአየርላንዷ ቅድስት ብሪጂት በዓል ዋዜማ ጨርቅ ውጭ ያድራል፤ ቅድስቲቱ ስታልፍ ትባርከዋለች ይላሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ለታመመና ለሕፃን ይሆናል። እርጥቡ ጨርቅ ወዲያው በረዶ ሆኖ እንደ ሰሌዳ ቆመ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ኡና ነበረች፤ አልገባችም። ጨርቁ ተቆርጦ ትንሽ ካባ ሆኗል፤ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ጠማማ ነው።

«ለእሱ ነው» አለች። «ከእኔ መሆኑን ለእማማ እንዳትነግሪያቸው፤ እንዳይጨነቁ። ቤተሰብ እንዳልሆንኩ ገብቶኛል። ግን ነገ ብርድ ነው፤ ያንን ስስ ልብስ ብቻ ለብሶ ይወጣል ብዬ...» ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

ዴልፊና ካባውን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ብትጮህባት አፏን ከፍታ ትመልስላት ነበር። አንዲት ልጅ ተባርራ እንኳ ስለ ሸክላው ሕፃን ብርድ ስታስብ ግን ምን ይመለሳል? አፈረች። እስከ ጆሮዋ ጫፍ አፈረች።

ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን፣ ቅዳሴው ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ታማሌው በትልቁ ድስት ይፍለቀለቅ ነበር። እናቷና አባቷ ሻማዎቹን ይዘው ቀድመው ሄደዋል። ዴልፊና ሕፃኑን ታቀፈች። በሰማያዊው ልብስ ላይ ነጩን ካባ ደርባለታለች። እማማ ኩካ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ ከየት መጣ?»

ዴልፊና «ገዛሁት» ልትል ትችል ነበር። ቃሉን በስፓኒሽ ታውቀዋለች፤ ቀላል ነው። የሚቀጥለውን ግን አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም፤ ቃላቱን ከዚህም ከዚያም እየለቀመች አወጣችው።

«ኡና ሰፋችው። እማማ፣ ኡና... አልናቀችም። እኔ ነኝ። እርስዎ አልፈልግም ብለዋል አልኳት። ውሸት ነው። እርስዎ አላሉም። እኔ ቀናሁ።»

እንዲህ ረጅም ነገር ለአያቷ በቋንቋቸው ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እማማ ኩካ አልተቆጡም፤ አላቀፏትምም። የቀሚሳቸውን አንገት ጨበጡ።

«ስንት ቀን?» አሉ።

«ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት አበልጄን በልቤ ስሰድብ ከረምኩ።» ሻርፓቸውን ጠመጠሙ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «እኔም ከእሷ ጋር የማወራው አለኝ። መጀመሪያ ግን አንቺ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ቤተክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነበር። ዴልፊና ወደ ደረጃው ዞረች።

«ልጁን አጥብቀሽ ያዢ» አሉ እማማ ኩካ ከታች። «ደረጃው ያንሸራትታል። እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ከውስጥ የተቀቀለ ድንች ይሸታል። አንኳኳች። የኡና እርምጃ ሲቀርብ ሰማች። በዚያች ቅጽበት ሕፃኑን ከፍ አድርጋ ፊቷ ላይ ያዘችው፤ ኡና በሩን ስትከፍት መጀመሪያ እሱን፣ ካባውን ለብሶ፣ እንድታየው። ማን በሸክላ ሕፃን ላይ ይቆጣል?

«ማነው?» አለች ኡና።

ዴልፊና ሕፃኑን ወደ ደረቷ ዝቅ አደረገችው፤ ፊቷ ብቻውን ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች።