የሰባት ቁጥር በር

«አውርጂው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ አለቃው።

ልጅቷ ቀና ብላ በላስቲክ የተሸፈነው የሰባት ቁጥር ግሪን ሃውስ በር ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ አየች። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አበባ እርሻው ውስጥ የሷ ሥራ ይኸው ነው፤ ኬሚካል ሲረጭ ጨርቁን መስቀል፣ ሰሌዳው ላይ ሰዓቱን መጻፍ፣ ጊዜው ሲደርስ ጨርቁን ማውረድ። ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ «መግባት የሚቻለው ነገ ጠዋት» ብላ ጽፋለች። አሁን ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

«አለቃ፣ እስከ ነገ ነው የሚለው» አለች።

«ተማሪዋ፣ ፈተና ላይ ያለሽ መሰለሽ እንዴ? ደርቋል እኮ! መኪናው መጥቶ ቆሟል፣ ጽጌረዳው እየፈነዳብን ነው።»

መቀስና ባልዲ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። አለቃ ሲቀልድ መሳቅ ግድ ነው። ከፊት የቆመችው ታላቅ እህቷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታያታለች። አፍሽን ዝጊ ማለቷ ነው።

እህቷ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። ሩቅ የሚሠራው ባሏ እንኳ ገና አልሰማም። እዚህ እርሻ ውስጥ እርግዝናዋ የታወቀባት ሠራተኛ «ሄደሽ ትንሽ ረፍት አድርጊ» ትባላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራት የለም። ስለዚህ እህቷ ሆዷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ትመጣለች። አምናም እንዲሁ አስራ ስትመላለስ አምስተኛ ወሯ ላይ ጨነገፈባት። አንሶላውን ያጠበችው ልጅቷ ናት። ውሃው አልጠራ ብሏት ሦስት ጊዜ ቀይራ፣ በመጨረሻ መታጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጎረቤቶች «ምን ይደረግ፣ ዕድሏ ነው» አሉ። የእርሻው ነርስ ግን ለሠራተኞች በሰጠችው ስልጠና ላይ ሌላ ነገር ተናገረች፤ ኬሚካሉ ቢደርቅም ቅጠሉ ላይ እንደሚቆይ፣ በቆዳ እንደሚገባ፣ ጽንስ እንደሚጎዳ። እህቷ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

አለቃው ትዕግሥቱ አለቀ። ጨርቁን ራሱ ጎትቶ አወረደና «ግቡ!» አለ።

እህቷ ባልዲዋን አነሳች። ልጅቷ መንገድ ዘጋችባት።

«እትዬ፣ በናትሽ አትግቢ።»

«ዞር በይልኝ።»

«እርጉዝ ናት!» አለች ልጅቷ ወደ አለቃው ዞራ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

አለቃው እህቷን ከላይ እስከ ታች አያት። «እውነቷን ነው?»

«የምን እርግዝና?» እህቷ ከት ብላ ሳቀች። «ልብስ እጠቢ ስላልኳት አኩርፋ ነው። አይስሟት አለቃ።»

«በይ ግቢ» አለ። አንድ መቀስ ስላልጎደለበት ደስ ያለው ይመስላል።

እህቷ ስታልፍ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እህት አለኝ እንዳትዪ።»

ልጅቷ በላስቲኩ ውስጥ ታያታለች። በረድፎቹ መካከል ስትገባ ቅጠሉ ሆዷን ይነካታል፣ እጅጌዋ በላብ ርሷል። ልጅቷ ፈራች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ ሥራዋን ካጣች ሁለቱም የት እንደሚወድቁ አታውቅም።

የነርሷ ክፍል ከማሸጊያው ቤት ጀርባ ነው። ልጅቷ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች፣ ሁለት ጊዜም መራመድ ቀጠለች።

«ሲስተር» አለች ትንፋሽ አጥሯት፣ «ሰባት ቁጥር ዛሬ ጠዋት ነው የተረጨው። ሰዎቹን ግን አሁን አስገብተዋቸዋል። አንዷ እርጉዝ ናት።»

ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። «አሁኑኑ አስወጣቸዋለሁ። እርጉዟን ወደ ሌላ ሥራ ለማዛወር ግን ስሟን መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩት ደግሞ አለቆቹ ያዩታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀቻት። ልጅቷ የእህቷን ስም፣ ከዚያ የሁለቱንም አባት ስም ቀስ ብላ ተናገረች።