ያልጨመቅኩት ከረጢት

ፈጥሬው ቢሆን በወደድኩ። ግን ሆኗል፤ ሁለት ሰው አይቶታል።

ትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ፤ ታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በዚያ ወር ፀሐይ የሚባል ነገር ስለሌለ መስኮቱ ጥቁር ነው።

ጉንቮር እባላለሁ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። አልጋው ላይ ያለው ኤስኪል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። የመርከብ ገመድ ደረቱን ጨፍልቆት ብዙ ደም ፈሶታል። በመድኃኒት ስላስተኛነው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው።

መሣሪያው ድንገት ቀጥ አለ።

«በእጅሽ!» አለች ዶክተር ሃልዲስ።

ጉሮሮው ውስጥ ባለው ቱቦ ላይ የአየር ከረጢቱን ገጥሜ መጭመቅ ጀመርኩ።

የደም ግፊቱ ዘጠና... ሰባ... ሃምሳ አምስት።

ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እጄ ፈጠነ።

ለተማሪዎች ሁሌ የምነግራቸው ነገር ነው፦ አየር ካበዛችሁ ደረት ይወጠርና ደም ወደ ልብ መመለሻ ያጣል፤ ደሙ ያለቀ ሰው ደግሞ ይህን አይችልም። አስተማሪዋ ግን ራሷ ረሳችው። በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።

«ቀስ በይ...»

ጆሮዬ ሥር ነው። የወንድ ድምፅ።

ዞር አልኩ... ማንም የለም። ሃልዲስ ከአልጋው ማዶ ሆና በስልክ ደም እያዘዘች ነው።

«አንቺ ነሽ?»

«ምኑን?»

«ቀስ በይ ያልሽኝ...»

«እኔ አላልኩም። ግን እውነትም ቀስ በይ እንጂ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ከረጢቱን ከቱቦው ንቀዪው፣ አየሩን ያስወጣ!»

ከረጢቱን ነቅዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ጣልኩት። ደረቱ ውስጥ የታመቀው አየር ሽሽሽ... እያለ መውጣት ጀመረ።

ወጣ... ወጣ... አላልቅ አለ። የአንድ ሰው ደረት ይህን ሁሉ አይዝም።

ግፊቱ ስልሳ። ሰማንያ። ዘጠና አምስት።

«ተመስገን!» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሃልዲስ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጉንቮር... መጭመቁን አቁሚ።»

«እየጨመቅኩ አይደለም...»

ሁለቱንም እጆቼን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ያኔ ዓይኗን ተከትዬ ወደ ከረጢቱ አየሁ። ብቻውን እንደተኛ ነው። ጎኑ ላይ አራት ጣት የሚያህል ስርጉድ ቀስ ብሎ ገባ... ተለቀቀ። በልቤ ስድስት ቆጠርኩ። እንደገና ገባ።

ሁለታችንም ልንነካው አልደፈርንም።

ከረጢቱ በተጨመቀ ቁጥር የኤስኪል ደረት ከፍ ይል ነበር... ቱቦው ላይ ግን ምንም አልተገጠመም።